በደብተሩ ላይ ይጻፍልኝ፦ የድሮ ሰፈር ሱቆችና መዋያዎች

(የመለያ ሙዚቃ፤ ክራር። ከፍ ብሎ ይሰማና ከንግግሩ ሥር ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ዛሬ የምናወራው ስለ ሰፈር ነው። ስለ ሱቁ፣ ስለ ሙዚቃ ቤቱ፣ ስለ ፎቶ ቤቱ፣ ስለ ቪዲዮ ቤቱ። ልጅ ሆነን ስለዋልንባቸው፣ ዛሬ ግን ብንፈልጋቸው ስለማናገኛቸው ቤቶች።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ልጅ ሳላችሁ ከቤታችሁ ስትወጡ መጀመሪያ የምታገኙት ሱቅ የማን ነበር? በሩ ምን ቀለም ነበረው? ባለቤቱን ምን ብላችሁ ትጠሩት ነበር? አትቸኩሉ፤ አስታውሱት።

(አጭር ፋታ። የልጆች ጫጫታ ከሩቅ፤ የቆርቆሮ በር ሲከፈት)

ልጅ፦ ጋሼ! ጋሼ! ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ሳሙና ስጡኝ። በደብተሩ ላይ ይጻፍልኝ ብላለች እማዬ።

ባለሱቅ፦ ያለፈው ወር አልተከፈለም እኮ፣ ማሙሽ።

ልጅ፦ ደመወዝ ሲወጣ ብላለች።

ባለሱቅ፦ እንካ። እንዳትደፋው! በሩጫ ወደ ቤት!

(ድምፁ ይደበዝዛል)

አቅራቢ፦ ሰማችሁ? ፊርማ የለም፣ ዋስ የለም፣ ወለድ የለም። ያለው አንድ የተጨማደደ ደብተርና አንዲት እናት የላከችው ቃል ነው። ባለሱቁ ግን ዝም ብሎ ደግ ሆኖ አልነበረም፤ ይህን በደንብ እንያዘው። የማን አባት የት እንደሚሠራ፣ ደመወዝ በስንት ቀን እንደሚወጣ፣ ማን በሰዓቱ እንደሚከፍል፣ ማን ቤት ለቅሶ ስላለ ሁለት ወር መታገሥ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ባንክ ደጁን የማያስረግጠውን ሰው የሰፈር ሱቅ ያበድረው የነበረው በዚህ እውቀት ነው። እውቀቱ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ብዙ ዓመት ከመቀመጥ የመጣ ነው።

የዛሬው ዋና ነጥባችን ይኸው ነው። የሰፈር ሱቅ ዕቃ መሸጫ ብቻ አልነበረም። አበዳሪ ነበር። ቁልፍ አስቀማጭ ነበር። መልእክት ተቀባይ ነበር። ትምህርት ቤት ውዬ መጣሁ የሚለው ልጅ የዋለው ሌላ ቦታ እንደሆነ ለእናቱ የሚያሳብቅም እሱ ነበር። ይህንኛውን ያኔ አልወደድንለትም።

(ክራር፣ ጥቂት ሰከንድ)

አቅራቢ፦ እነዚህ ሱቆች ከየት መጡ? አዲስ አበባን እንውሰድ። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ትልቁ ገበያ አራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አቅራቢያ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍቶ ዛሬ መርካቶ የምንለውን አደረገው። አራዳ ደግሞ ፒያሳ ተባለ፤ ጣሊያን ከሄደም በኋላ ስሙ ቀረ። ገበያው ቢሄድም ፒያሳ ሱቅ አላጣም። ወርቅ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሲኒማ ቤቱ ተተካበት። ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር ልጅና ሽማግሌ የሚሰለፍባቸው ነበሩ። ኤንሪኮ ኬክ ቤት ማልዶ ያልደረሰ ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። ቶሞካ በ1940ዎቹ አጋማሽ ቡና መቁላት ጀምሮ እስካሁን አለ፤ ጠረኑን ተከትሎ ሳይጠይቅ የሚደርስ ሰው ብዙ ነው።

ከዋናው ጎዳና ገባ ስንል ግን ሰፈሩ ውስጥ የምናገኘው የአረብ ሱቅ ነው። በዕድሜ ገፋ ያላችሁ አድማጮች ታስታውሱታላችሁ። የየመን ሰዎች በየሰፈሩ ሱቅ ነበራቸው። ሌሊት ይከፍታሉ፣ አምሽተው ይዘጋሉ። ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ላምባ፣ ቴምር፣ ሃላዋ። ከአብዮቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱና ቦታውን ሌሎች ነጋዴዎች ያዙት። ከእነዚህ መካከል ከጉራጌ አገር በልጅነቱ የመጣው ወጣት በርካታውን ድርሻ ይዟል። አመጣጡን ታውቁታላችሁ፤ መጀመሪያ ሊስትሮ፣ ከዚያ በትከሻ ላይ የሚዞር ሸቀጥ፣ ከዚያ ዕቁብ፣ ዕቁቡ ሲወጣ ሱቅ።

እስቲ ሌላ ጥያቄ። እንዲህ ያለች ትንሽ ሱቅ፣ ስፋቷ ሁለት ሰው የማያስቆም፣ ዱቤ እየሰጠች፣ በአምስት ሳንቲም ከረሜላ እየሸጠች እንዴት ሠላሳና አርባ ዓመት ቆየች? ገምቱ።

(ፋታ)

አቅራቢ፦ አንዱ ምክንያት ኪራይ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩም ዝቅ ተደረገ፤ ከዚያ በኋላም ለዓመታት ብዙ አልተነካም። የቀበሌ ቤት የያዘ ባለሱቅ ትርፉ ትንሽ ቢሆንም ከቦታው የሚያስነሳው አልነበረም። ሌላ ጣጣም ነበረው፤ ቤቱ የእኔ አይደለም ብሎ ባለሱቁ አያድሰው፣ ኪራዩ አያወጣም ብሎ ቀበሌው አያድሰው። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ግድግዳው እየተላጠ አረጀ። ሱቁን ያቆየውም ያስረጀውም ያው አንድ ሕግ ነው። «ድሮ ሁሉ ጥሩ ነበር» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ይህን አንሱበት።

በደርግ ዘመን ደግሞ የኅብረት ሱቅ ነበረ። የቤተሰቡን ቁጥር የያዘች የራሽን ካርድ ይዞ ሰልፍ መያዝ የልጆች ሥራ ነበር። ድንጋይ ወይም የተቀደደ ዘምቢል ወረፋ አስይዘን ጎን ለጎን ብይ እንጫወታለን። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ድንጋዩን ወደፊት እንገፋለን። ስኳር መጣ የተባለ ቀን የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያ ስለሚገኝ ዜናው፣ ሐሜቱ፣ የልጅ ጠቡ ሁሉ እዚያው ነው።

(የሳንቲም ድምፅ በጠረጴዛ ላይ)

አቅራቢ፦ አሁን ወደ ከረሜላው እንምጣ። ደስታ ከረሜላን የማያስታውስ አለ? ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሆና ባለሱቁ እጁን ሲሰድ የወረቀቷ ድምፅ ይሰማል። ስሙኒ የያዘ ልጅ ጌታ ነበር። ሽልንግ የያዘ ደግሞ ጓደኛ ይበዛለታል። ቆሎው፣ ሱፉ፣ ስኳሩ የሚጠቀለለው በአሮጌ ደብተር ወረቀት ነው። ያለቀ ደብተራችንን በኪሎ ለባለሱቁ እንሸጥ ነበርና አንዳንዴ የጎረቤት ልጅ የሒሳብ ፈተና፣ ከአሥር ሦስት ያገኘበት፣ ቆሎ ተጠቅልሎበት ይመጣል። ልጁ ያን ሳምንት ከቤት አይወጣም።

ዘይት በጠርሙስ፣ በርበሬ በሲኒ፣ ሲጋራ በፍሬ። ሁሉም ተቆንጥሮ ይሸጣል። በጥቅል ሲገዛ እንደሚረክስ እናቶቻችን ያጡት ነገር አልነበረም። ግን የዛሬ ገንዘብ ለዛሬ ብቻ ይበቃል። ባለሱቁም ሸቀጡን በእጃቸው ባለው ልክ ይቆነጥርላቸዋል። ከዚህ ላይ ያተርፋል፤ እነሱም ጾማቸውን አያድሩም። ብዝበዛ ነው ወይስ አገልግሎት? እኔ ሁለቱም ነው እላለሁ። እናንተስ?

(የድሮ ሙዚቃ፤ ከካሴት የሚወጣ፣ ትንሽ የሚንሿሿ። ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ ሙዚቃ ቤት! ስለዚህ ትንሽ ዘለግ አድርጌ ባወራ አትቆጡኝም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ሙዚቃ ቤት ነበረው። በ1961 ዓ.ም. ያን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ መቶ የሚያህሉ ሸክላዎች አወጣ። ዛሬ ወርቃማው ዘመን ብለን የምንጠራውን ሙዚቃ ጠብቆ ያቆየልን ከአንድ ሱቅ የተነሣ ሰው ነው። ሚኒስቴር አይደለም፤ ባለሱቅ ነው። እሱም ከአብዮቱ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ምግብ ቤትና የምሽት ክለብ ከፈተ፤ ለስደተኛው መዋያ ሆነ።

ከዚያ ካሴት መጣ። ፒያሳ ላይ የማሕሙድ አህመድ ሙዚቃ ቤት ነበር። ማሕሙድ በልጅነቱ ሊስትሮ ነበር፤ ኋላ አሪዞና ክለብ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ነው መድረክ ላይ የወጣው። ያ ልጅ አድጎ ፒያሳ ላይ ሙዚቃ ቤት ከፈተ። ቀጠሮ ያለው ሰው «ማሕሙድ ጋ» ይል ነበር። የእጅ ስልክ በሌለበት ዘመን ቦታው ሁሉ የሚያውቀው፣ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቢያረፍዱብህ ዘፈን እየሰማህ የምትቆይበት መሆን አለበት። ሙዚቃ ቤት ይህን ሁሉ ያሟላል። ስንቱ ትዳር እዚያ በር ላይ ከተያዘ ቀጠሮ እንደተጀመረ ያደረጋችሁት ታውቃላችሁ!

የሰፈሩ ካሴት ቤት ደግሞ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገድ አዙሮ ያስቀምጣል። ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አዲስ ካሴት ሲወጣ ሰፈሩ ሳይገዛ ዘፈኑን በቃሉ ይይዛል። ባዶ ካሴት ይዘህ ትሄድና የዘፈን ዝርዝር በወረቀት ጽፈህ ትሰጠዋለህ፤ በሳምንቱ ቀድቶ ይሰጥሃል። ክሩ ሲጠመጠም በስክሪፕቶ እያሽከረከሩ ማጠንጠን ነው።

(ካሴቱ ይቆማል፤ «ጠቅ» የሚል ድምፅ)

አቅራቢ፦ ቪዲዮ ቤቱንስ? አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ የእንጨት አግዳሚዎች፣ መስኮቱ በጨርቅ የተሸፈነ። በር ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ። መግቢያው ስሙኒ ወይ ሽልንግ። ብሩስ ሊ፣ ራምቦ፣ የሕንድ ፊልም። ፊት ያለው ለኋላው እያስረዳ፣ «አክተሩ አይሞትም» እያለ። አጠገቡ ጆተኒ ቤት፤ የሚሸነፍ ከፋይ ነው። ሜዳው ዳር የሚከራዩ ብስክሌቶች፤ ክፍያው በዙር ነው፤ ባለብስክሌቱ ከኋላ እየጮኸ «ዙርህ አለቀ!»።

መጽሐፍ አከራይም ነበር፤ ይህንን ወጣት አድማጮች ላታውቁት ትችላላችሁ። መያዣ ታስቀምጥና ልብ ወለድ ለአንድ ሌሊት፣ ለሁለት ቀን ትወስዳለህ። ፍቅር እስከ መቃብርን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ፣ ቀጣዩን ሳምንት መጠበቅ ያቃተው ሰው ሮጦ የሚሄደው አከራዩ ጋ ነው። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ ከገበያ ሲሰበሰብ ደግሞ ያመለጠው ቅጂ በእጅ በእጅ፣ በድብቅ ይዞር ነበር። መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ልጅ የመጀመሪያው ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለች የእንጨት መደርደሪያ ናት።

(ፋታ)

አቅራቢ፦ ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን የጠራኋቸው መዋያዎች የወንድ ልጅ መዋያዎች ናቸው። ጆተኒ ቤት ሴት ልጅ ብትቆም ምን ይባል ነበር? ቪዲዮ ቤት ብትገባስ? እናንተ ታውቁታላችሁ። ታዲያ ሴት ልጆች የት ይውሉ ነበር? ቦኖ ውኃ ጋ። ወፍጮ ቤት። እዚያ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ረጅም ሰልፍ ደግሞ ረጅም ወሬ ነው። ባሊው እስኪሞላ፣ እህሉ እስኪፈጭ ሱዚ ይዘለላል፣ ፀጉር ይጎነጎናል፣ ምስጢር ይወራል። ወንዶች ስለ ድሮ ሰፈር ሲጽፉ ሲኒማና ከረንቡላ ይበዛል፤ ወፍጮ ቤት አይነሣም። እኔ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ባይ ነኝ። እናቶቻችሁንና እኅቶቻችሁን ጠይቁ፤ ሌላ ሰፈር ይነግሯችኋል። በሥራ የዋሉበት ሰፈር ነውና ጨዋታው ከድካም ጋር ነው።

(ክራር)

አቅራቢ፦ እነዚህ ቤቶች ታዲያ ምን በላቸው? ብዙ ሰው ወዲያው «ፈረሱ» ይላል። እውነት ነው፤ ብዙው ፈርሷል። ልደታ፣ ካዛንቺስ፣ አራት ኪሎ አካባቢ በየጊዜው ተነሥተዋል። በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ዓመት በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊው የፒያሳ ክፍል ፈረሰ፤ በ2017 መጀመሪያ ተራው እንደገና የካዛንቺስ ሆነ። ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄደ። መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ እግረኛውም መሄጃ አግኝቷል፤ ይህን መካድ አያስፈልግም። የጋራ መጸዳጃ ቤት ሰልፍ የሚናፍቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ነገር ግን ሁሉንም ዶዘር አላፈረሰውም። ደግሜ ልበለው፤ ሁሉንም ዶዘር አላፈረሰውም። ካሴት ቤቱን የገደለው ሲዲ ነው፣ ሲዲውን ደግሞ ስልክ። ቪዲዮ ቤቱን የገደለው በየቤቱ የገባው ዴክና ዲሽ ነው። ፎቶ ቤቱ የፓስፖርት ፎቶ ማንሻ ሆኖ ቀረ። ቤቱ ሳይፈርስ ሥራው የሞተ ብዙ ነው።

ሱቁ ግን የተለየ ነው። ሱቁን ቴክኖሎጂ አልገደለውም። ኮንዶሚኒየም ሥርም ሱቅ አለ፣ ስኳርም ሳሙናም አለ። የጠፋው ደብተሩ ነው። ከአምስት ሰፈር ተፈናቅሎ አንድ ሕንጻ ላይ የተሰባሰበን ሰው ባለሱቁ አያውቀውም፤ የማያውቀውን ደግሞ በዱቤ አይሰጠውም። ሰው ሲዛወር ዕቃውን በመኪና ይጭናል፤ ሠላሳ ዓመት የተገነባ መታመን ግን አይጫንም። እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀመራል። ከነባር ሰፈር የተነሡ ሰዎች «ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ከብዶናል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለዚህ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ አድማጮች እዚህ ላይ የምትጨምሩት ሳይኖር አይቀርም። ዋሽንግተንም ሆነ ሌላ ከተማ ያለ የሐበሻ ሱቅ በር ላይ ምን ይለጠፋል? የሚከራይ ክፍል፣ የለቅሶ ማስታወቂያ፣ ሞግዚት ፈላጊ። እንጀራ ልትገዛ የገባች ሴት የአገር ልጅ ወሬ ሰምታ ትወጣለች። ሰው አዲስ ቦታ ሲሄድ የሰፈሩን ሱቅ እንደገና ይሠራዋል ማለት ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ።

(ፋታ። የወረቀት ድምፅ)

አቅራቢ፦ አሁን ወረቀትና እስክሪፕቶ ያዙ፤ የዛሬው ትምህርታችን የተግባር ሥራ አለው። የልጅነት ሰፈራችሁን ካርታ በእጃችሁ ሣሉ። ከቤታችሁ በር ጀምሩ፣ ሱቁን፣ ቦኖውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ሜዳውን አስቀምጡ። ሥዕሉ ቢያምርም ባያምርም ግድ የለም። ከዚያ በዕድሜ የሚበልጣችሁን አንድ ሰው አሳዩት። «ይህ ልክ ነው ወይ?» በሉት። ወዲያው «ኧረ እዚህ ጋ እኮ ልብስ ሰፊ ነበረ» ይላችኋል። ዝም ብላችሁ «ስለ ድሮ ንገረኝ» ስትሉት ግን «ምን አለ ብለህ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ካርታው አፍ ያስከፍታል።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቁ፤ ሰው ዓመት ይረሳል። «ከአብዮቱ በፊት ነው በኋላ? ራሽን በነበረ ጊዜ ነው? ያኔ ማን ተወልዶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ዓመቱን ከዚያ ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ሌላው ፎቶ ነው። ፎቶ ቤት ሄዶ፣ ኮትና ከረባት ተውሶ፣ በተሳለ መጋረጃ ፊት የተነሣ ፎቶ ስንት ቤት አለ! ጀርባውን ገልብጡት። ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና «ለማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ያ ማኅተም ዛሬ የሌለ ቤት ስም ነው። በፎቶው ያሉትን ሰዎች ስም በእርሳስ በስሱ ጀርባው ላይ ጻፉ፤ የሚያውቃቸው ሰው በሕይወት እያለ። ስክሪፕቶ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ በፊቱ በኩል ይወጣል። በየአካባቢያችሁ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሰዎች ካሉ ደግሞ ኔጋቲቩን እንዳይጥሉ ንገሯቸው። የአንድ ሰፈር ሰው ሁሉ ፊት እዚያ ሳጥን ውስጥ አለ።

እንግዲህ ልድገመው። የሰፈር ሱቅ ከሸቀጡ በላይ መታመን የሚጠራቀምበት ቦታ ነበር። የጠፉት ቤቶችም በአንድ ምክንያት አልጠፉም። ስትጽፉ ሁለቱንም አስታውሱ፤ የወፍጮ ቤቱንም ወሬ እንዳትረሱ።

(የመለያ ሙዚቃ ከሥር ይገባል)

አቅራቢ፦ የሣላችሁትን ካርታና የሰማችሁትን ታሪክ በደብዳቤ ላኩልን፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት እየመረጥን እናነባለን። ባለሱቆች የነበራችሁም ጻፉልን። በተለይ ያ የዱቤ ደብተር እስካሁን እጃችሁ ላይ ካለ፣ እባካችሁ አትጣሉት። ያልተከፈለ ዕዳ ያለባችሁ አድማጮች ደግሞ ባለሱቁ በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ክፈሉት። ደህና ሰንብቱ!

(ሙዚቃው ከፍ ብሎ ያልቃል)